ስንት ሰው ይዘን እንውጣ?

አርፒጂ ጌም ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሰው መፍጠር ነው። ታሪኩ ገና አልተያዘም። ውጊያው እንዴት እንደሚሆን አልታወቀም። ደብተሩ ግን በሰው ተሞልቷል። አንዱ ጎራዴ ታጥቋል። አንዷ ሥር ትምሳለች፣ ቅጠል ትበጥሳለች። አንዱ ምንም አያደርግም፤ ግን ሥዕሉ ስላማረ ማንም ሊሰርዘው አይደፍርም።

እኛም ደሴ ላይ ሦስት ሆነን አንዲት ትንሽ ጌም እየሠራን ነው። አንዱ ይሥላል፣ አንዱ ሙዚቃውን ይሠራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ኮዱንም እነካካለሁ። ታሪኩ የጨው ሲራራ ነው። ከአፋር ቆላ ይነሳል፣ በባቲ ያደርጋል፣ ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ተጫዋቹ ስንት ሰው ይዞ ይሂድ? ከሁሉም በላይ የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። በጌሙ ስም እንኳን እንዲህ አልተጣላንም።

አርፒጂ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ኳስ ጌም አይደለም፣ የመኪና እሽቅድምድምም አይደለም። ታሪክ አለው። ሰዎችን ይዘህ ትጓዛለህ፣ ትዋጋለህ፣ ታወራለህ፣ ሰዎችህ እየጠነከሩ ይሄዳሉ። አንዳንዱ 40 ሰዓት፣ አንዳንዱ 100 ሰዓት ይፈጃል። ደሴ ያሉት ፕሌስቴሽን ቤቶች ውስጥ አርፒጂ የማይታየውም ለዚህ ነው። በጨዋታ ወይም በሰዓት ተከፍሎ ማን 40 ሰዓት ይቀመጣል? እዚያ ያለው ኳስ ነው፤ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ልጅ «ቶሎ በል እንጂ» እያለ። አርፒጂ የሚጫወተው ልጅ ቤቱ ነው የሚጫወተው፣ አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ። ይህን ያዙልኝ፤ ስልክ ትንሽ ስክሪን ነው።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ብዙ ሰው ሳያስብበት «አራት» ይላል። አራት ከየት መጣ? (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ያ በጠረጴዛ ዙሪያ በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት፣ ሦስት ዓይነት ሰው ነበረው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ እና የሃይማኖት ሰው። ሌባው የመጣው በዓመቱ ነው። አራቱ ሲገጣጠሙ አንዱ ይመታል፣ አንዱ ከሩቅ ያቃጥላል፣ አንዱ ያድናል፣ አንዱ በር ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የመጡት የኮምፒውተር ጌሞች ይህንን ወረሱ፤ ቁጥሩ ግን ወዲያው አልረጋም። የ1981ዱ ዊዛርድሪ ስድስት ሰው ይዞ ጉድጓድ ያስገባሃል። የ1986ቱ ድራጎን ኩዌስት ደግሞ አንድ ጀግና ብቻ ነው ያለው፤ ጠላቱም ተራ ጠብቆ አንድ በአንድ ይመጣል። ሁለተኛው ክፍል በ1987 ሦስት ሰው ሰጠ። ሦስተኛው በ1988 አራት አደረሰው። ፋይናል ፋንታሲም በ1987 ሲጀምር ከስድስት ሙያ አራት ሰው ምረጥ ነበር ያለው። እንግዲህ አራት ማለት ከተፈጥሮ ሕግ የወረደ አይደለም። ሲሞከር ሲሞከር የተለመደ ነው።

እኛን ያጨቃጨቀን ግን ሌላ ነው። ሦስታችንም «ስንት ሰው» ስንል የተለያየ ነገር እያልን ነበር። ሠዓሊው ስንት ሰው ልሣል ማለቱ ነው። ሙዚቀኛው ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ይዋጋል ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ስንት ሰው ታሪኩ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይናገራል ማለቴ ነው። ይህ ከተለየ በኋላ ጭቅጭቁ ቢያንስ መልክ ያዘ።

የሚዋጋው ቁጥር ቀላል ነው። ስልክ ላይ ከሦስት በላይ ፊት ስትደረድር ስማቸው አይነበብም፣ ጣትህም የማይፈለገውን ይነካል። በአማርኛ ፊደል ደግሞ ይብሳል፤ የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ሲያንስ ዝም ብሎ አያንስም፣ ሀን ከሁ የሚለየው ቅጥያ ይጠፋል። ስለዚህ ሦስት። አለቀ። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም።

ከባዱ የቀሪዎቹ ጉዳይ ነው። ሦስት ሰው የሚዋጋ ከሆነና አሥር ሰው ካለህ ሰባቱ የት ነው ያሉት? አብዛኛው ጌም መልስ የለውም። የሆነ ሰፈር ውስጥ ቆመው ይጠብቁሃል። ታሪኩ «ጓደኞቻችን በሙሉ ሕይወታቸውን ሰጥተው» እያለ ይሰብካል፤ ሰባቱ ግን ድንኳን ውስጥ ናቸው። ተጫዋቹም የለመዳቸውን ሦስቱን ይዞ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ደካማ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ ደካማ ስለሆኑ ደግሞ አይመረጡም። ያ ሁሉ የተሣለ፣ የተጻፈ፣ ሙዚቃ የተሠራለት ሰው ማንም ሳያየው ጌሙ ያልቃል።

ይህን በደንብ የፈታው ፋይናል ፋንታሲ 6 ይመስለኛል። በ1994 ነው የወጣው። 14 ሰው አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚዋጋው አራት። ብዙ ነው። ግን ሁለት ነገር አድርጓል። መሐል ላይ ዓለሙ ይፈርስና ሁሉም ይበታተናል፤ አንተ እየዞርክ አንድ በአንድ ትሰበስባቸዋለህ፣ ያላገኘኸው ይቀራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ጠላቱ ግንብ ስትገባ ሦስት ቡድን ከፍለህ ነው። አንዱ ቡድን ማብሪያውን ሲረግጥ ለሌላው በር ይከፈታል። በዚያች ሰዓት ስድስት ሰው ብቻ ያሳደገ ተጫዋች ላብ ይለዋል። ተጠባባቂው ተጠርቷል። ማስ ኢፌክት 2ም በ2010 ተመሳሳይ ነገር አድርጓል፤ በመጨረሻው ዘመቻ ለየሥራው ሰው ትመድባለህ፣ የማይሆነውን ሰው ከመደብክ ሰው ይሞትብሃል። እዚያም ሰዎቹ የበዙበት ምክንያት አለ። ሥራው ብዙ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ክሮኖ ክሮስ በ1999 45 ሰው ይዞ መጣ። ሦስት ብቻ ነው የሚዘምተው። 45 ሰው ማን ይጽፍለታል? የእንግሊዝኛውን እትም ሲያዘጋጁ አንድ መስመር ተጽፎ እንደ ተናጋሪው አነጋገር ቃሉን የሚቀያይር ፕሮግራም እስከ መሥራት ደርሰዋል። አንዱ በአንድ ዓይነት አነጋገር ይናገራል፣ ሌላው በሌላ። የሚሉት ነገር ግን ያው ነው። ብልሃቱን አደንቃለሁ። እንደዚያ ያለ ብልሃት ካስፈለገ ግን ሰው በዝቷል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ያ ብልሃት በአማርኛ አይሠራም። ይሄ የእኛ የራሳችን ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በእንግሊዝኛ ጌም ውስጥ «እዚህ ጠብቀኝ» የሚል መስመር አንዴ ትጽፋለህ። የሚጠራው ሰው ስም በኮድ ይገባል፤ ዮሐንስም ይሁን ማርያም መስመሩ አይቀየርም። እኛ ጋ ለወንዱ «ጠብቀኝ» ነው፣ ለሴቷ «ጠብቂኝ»፣ ለትልቅ ሰው «ይጠብቁኝ»፣ ለሁለትና ለሦስት ሰው «ጠብቁኝ»። ወሎ ደግሞ አንቱታ የዋዛ አይደለም። አንዲት ልጅ ሽማግሌን «አንተ» ብላ ብትጠራ ተጫዋቹ ጌሙን የሚዘጋው በሳቅ ወይ በንዴት ነው። ስሙን ብቻ በኮድ ብትቀይረው «እንድሪስ፣ እስኪ ውሃ አቀብዪኝ» የሚል ነገር ስክሪን ላይ ይወጣል። ወጥቶም ያውቃል፤ ሠዓሊው ፎቶ አንስቶ ይዞታል። ስለ ሦስተኛ ሰው ሲወራም እንዲሁ ነው፤ መጣ፣ መጣች፣ መጡ። ስለዚህ በአማርኛ አንድ ሰው መጨመር ማለት የዚያን ሰው መስመሮች ብቻ መጻፍ አይደለም። ሌሎቹ ሁሉ እሱን የሚጠሩበት፣ የሚያሙበት፣ የሚያዝዙበት መስመር በሙሉ ይነካል።

ከዚህ በኋላ ነው ሰው መቁጠር ትቼ ጥንድ መቁጠር የጀመርኩት። አራት ሰው ካለህ ስድስት ጥንድ አለ። አምስት ሲሆኑ አሥር። ስድስት ሲሆኑ 15። ስምንት ሲሆኑ 28። 12 ሰው ስትል 66 ጥንድ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ እርስ በርሱ የሚለው ነገር ከሌለው ደግሞ አብረው እየተጓዙ ነው ማለት አይቻልም። ኦክቶፓዝ ትራቬለርን (2018) የተጫወተ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስምንት ዋና ሰው አለው፤ ሥዕሉ ዓይን ይስባል፣ ውጊያው ግሩም ነው። ግን በአንዱ ታሪክ ውስጥ ሰባቱ የሉም ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ አጭር ወሬ ያወራሉ እንጂ ስምንት ሰው ስምንት መንገድ እየሄደ ነው።

ክሮኖ ትሪገር (1995) ለዚህ ነው እስካሁን ስሙ የሚነሳው። ሰባት ሰው ነው፣ ሦስት ይዋጋል። ሁለት ሰው አብረው ሲሆኑ ብቻ የሚወጣ ጥቃት አለ፤ ሦስት ሲሆኑ ሌላ። ስለዚህ ሰው ስትቀይር ጉልበት ብቻ አይደለም የምትቀይረው፣ ዝምድና ነው። የመጨረሻው የሚመጣው ማገስ የቀድሞ ጠላት ነው፤ ብትፈልግ ብቻ ነው የሚገባው። ከማንም ጋር የሁለት ጥቃት የለውም። አልተዛመደማ! አንድም ቃል ሳይጻፍ በውጊያው ሥርዓት ብቻ የሰውየውን ጠባይ ነገሩን። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እቀናለሁ።

የእኛ ደብተር ላይ መጀመሪያ 12 ሰው ነበር። ሠዓሊው ነው መጀመሪያ ወረቀት አውጥቶ ያሰላው። የምንጠቀምበት የጌም መሥሪያ አንድ ሰው ከጎን ሲዋጋ 18 እንቅስቃሴ ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ሦስት ሥዕል። 54 ሥዕል ማለት ነው። መራመጃው በአራት አቅጣጫ ሌላ 12። ለ12 ሰው የውጊያው ብቻ 648 ሥዕል። «እኔ ደግሞ በቀን ሥራ አለኝ» አለና ብዕሩን አስቀመጠ። ልክ ነው። ባልዱርስ ጌት 3 በ2023 ሲወጣ አሥር የሚከተሉህ ሰዎች ነበሩት፣ አራት ሆናችሁ ትወጣላችሁ፣ የቀሩት ሰፈር ላይ ሆነው እንኳ ፍቅርም ኩርፊያም አላቸው። ያንን የሠራው ግን ብዙ መቶ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ነው። እኛ መብራት ሲሄድ ሥራ የሚቆምብን ሦስት ሰዎች ነን።

ስለዚህ መቀነስ ነበረብን። ማንን?

ሁለት ነገር ረዳን። አንዱ መንገዱ ራሱ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ የሄደ ሰው ያውቀዋል። አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ ይወጣል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል፣ በአንድ ሜዳ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም አፋርኛም ይሰማል። አንድ ፍየል ሦስት ቋንቋ አቋርጣ ነው የምትሸጠው። እዚያ ቆመን አንድ ነገር አሰብን። በዚህ መንገድ ላይ ሰው የሚያስፈልገው ለጎራዴ ብቻ አይደለም። ለአፉ ነው። ያለ አፋርኛ ቆላ ላይ ውሃ ማን ያሳይሃል? ያለ ኦሮምኛ ባቲ ላይ ዋጋ ማን ይቀንስልሃል? ሁለት ወገን ተጣልቶ መንገድ ቢዘጋ ደግሞ አበጋር ያስፈልጋል፤ ወሎ ውስጥ ደም የተቃባን ሰው እንኳ አስቀምጦ የሚያስታርቅ ሽማግሌ። ውጊያን ሳይጀመር የሚያስቆም ሰው በየትኛውም ጌም ላይ ሙያ ተብሎ አላየሁም። እኛ ጋ ግን አለ፣ ለምን አይገባም?

እንዲህ ሲታይ ከ12ቱ ስንቱ መንገዱ የጠራው ነው? ሁለት መንትያ ወታደሮች ነበሩ፤ አንድ ሥራ ለሁለት ነው የሚሠሩት። ወጡ። ጎራዴ ሠሪው ባለበት ሆኖ ይሥራ፣ ለምን ይሄዳል? ወጣ። ሱይኮደን (1995) ይህን ቀድሞ ገብቶታል። ሰብስብ የሚልህ 108 ሰው ነው፤ ሁሉም ግን አይዋጋም። አንዱ ሱቅ ይከፍታል፣ አንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ቤትህ እያደር ከተማ ይሆናል። የምትወደውን ሰው ሁሉ የግድ ጦር ይዞ እንዲከተልህ ማድረግ የለብህም። እኛም እንደዚያው የወደድናቸውን ነገር ግን ሥራ ያጣንላቸውን ሰዎች በየከተማው አስቀመጥናቸው። አንዱ ባቲ ገበያ ዳር ሻይ ይሸጣል። ሥዕሉ ያማረው ባለ ኮፍያ ነው እሱ። ሠዓሊውም ደስ አለው፤ ሻይ ለመሸጥ 54 ሥዕል አያስፈልግም።

ሁለተኛው የረዳን ነገር አክስቴ ናት። ጌም ተጫውታ አታውቅም፤ ወሬ ግን ታውቃለች። የጻፍኩትን ንግግር አትሜ የተናጋሪውን ስም በእጄ ሸፍኜ አነበብኩላት። ማን እንደተናገረ ገምቺ ብዬ። የሽማግሌውን ወዲያው አወቀችው። የነጋዴዋን ልጅ አወቀቻት፤ «ይቺ ደግሞ ምላሷ ረጅም ነው» አለች። መድኃኒት አዋቂዋና ክራር መቺዋ ላይ ስንደርስ ግን ፊቷን አኮሳተረች።

«እኒህ ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም እንዴ?»

«አይደሉም፤ አንዷ እኮ ሐኪም ናት።»

«ሥራቸውን አልጠየቅኩህም። አንድ አፍ ነው ያላቸው።»

ደግሜ አነበብኩላት። ሁለቱም ነገር በምሳሌ ይናገራሉ፣ ሁለቱም ሲያዝኑ ይስቃሉ። «አብሽር፣ አንዷን ተዋት» አለችና ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ተውኳት። መድኃኒት አዋቂዋ አሁን ኮምቦልቻ ላይ ቤት አላት፤ ስትታመም ትሄድላታለህ። ይህን ሙከራ ጌም ለሚጽፍ ሁሉ እመክራለሁ። ስሙን ሸፍን፣ ጌም ለማያውቅ ሰው አንብብ። መልኩ፣ ልብሱ፣ መሣሪያው የተለያየ ሆኖ አፉ አንድ የሆነ ሰው ስንት እንዳለህ ያኔ ትቆጥራለህ።

አምስት ቀሩ። ዘሀራ የባቲ ነጋዴ ናት፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም በእጇ ነው፤ ተጫዋቹ ሁልጊዜ እሷን ይይዛል። ዓሊ ግመሉን የሚነዳው አፋር ነው። ይመር አበጋሩ ነው። ወርቄ ክራር ትመታለች። እንድሪስ ጠመንጃ ያዥ ነው፤ አምስት ሰው ውስጥ መዋጋት ብቻ የሚችለው እሱ ነው፣ እሱም በዚህ ያፍራል። ይህ ጥሩ ጠባይ ወጣው።

ሙዚቀኛው መጀመሪያ አራት ይሁን ሲል ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ አራት ቅኝት፣ አራት ሰው። ለዘሀራ ባቲ፣ ለይመር አምባሰል፣ ለወርቄ አንቺ ሆዬ፣ ለእንድሪስ ትዝታ። ዓይንህን ጨፍነህ ማን እንደገባ በጆሮህ ታውቃለህ። እውነት ለመናገር ይህ ከሂሳቤ ሁሉ የሚበልጥ ክርክር ነው። ስለ ዓሊ ስንጠይቀው ትንሽ አሰበና «አፋሩን የወሎ ቅኝት አላለብሰውም» አለ። ለዓሊ ጭብጨባና የእግር ምት ብቻ ሠራለት። ክራር የለውም። እሱ ሲገባ ሙዚቃው ሁሉ ይራቆትና ምት ብቻ ይቀራል። እስካሁን ከሠራው ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

ዓሊ ግን አይቆይም። ግመል ብርድና ዳገት አይወድም፤ በእኛ ታሪክ ኮምቦልቻ ላይ ጨው ወደ በቅሎ ይዛወራል። ዓሊ ግመሎቹን ይዞ ይመለሳል። ተጫዋቹ እስከዚያ ድረስ በዓሊ ተመክቶ ከሆነ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ዳገት ይከብደዋል። ፋይናል ፋንታሲ 7 በ1997 ከተጫዋቹ ሰዎች አንዷን፣ ኤሪስን፣ ሲገድላት የብዙ ተጫዋች ልብ የተሰበረው ባሳዘነው ሥዕል ብቻ አልነበረም፤ የምታድናቸው እሷ ስለነበረች፣ በሚቀጥለው ውጊያ ቦታዋ ባዶ ሆኖ ስለታየ ነው። እኛ ማንንም አንገድልም። ዓሊ አገሩ ነው የሚገባው። ሰው መቀነስም ታሪክ ነው፤ አምስት ብለን የጀመርነው በሁለተኛው ግማሽ አራት ነው።

የቀሪዎቹስ ነገር? ሦስት ሲወጡ ሁለት ከጭነቱ ጋር ይቀራሉ። ጨው ጠባቂ ይፈልጋል። ማንን ትተህ እንደሄድክ ደግሞ ለውጥ ያመጣል። እንድሪስን ብትተው ሌባ አይደፍርም፤ ነገር ግን ከመንደሩ ሰው ጋር ተኮራርፎ ይጠብቅሃል። ይመርን ብትተው ጨው ሊጎድል ይችላል፣ እንግዳ ግን ተቀብሎ ወሬ ሰብስቦ ያቆይሃል። ማታ ቡና ይፈላል። ጉልበት የሚመለሰው በዚያ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየስኒው አንድ ጥንድ ያወራል። በአንድ ሌሊት ሦስት ጥንድ። አምስት ሰው አሥር ጥንድ ስለሆነ በአራት ማደሪያ ሁሉም ይዳረሳል። ስምንት ሰው ቢሆን 28 ጥንድ አሥር ሌሊት ይፈልጋል፤ ከባቲ ኮምቦልቻ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ገደማ። አሥር ሌሊት የት ያድራሉ? መንገዱ ራሱ ከአምስት በላይ አይሸከምም።

ከዚህ ተነስቼ ለሁሉም ጌም አምስት ይበቃል አልልም። የ2015ቱ አንደርቴል የምትቆጣጠረው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ግን በመንገዱ ያገኘሃቸው ሁሉ በስም ይታወሱሃል። ሰው በጦርነት የሚሞትበትና ተመልሶ የማይመጣበት ጌም ደግሞ፣ እንደ ፋየር ኤምብለም ያለው፣ ሰው መጠባበቂያ ይፈልጋል፤ እዚያ አምስት ይዘህ ብትነሳ በሦስተኛው ውጊያ ታልቃለህ። ጠላት አልቆ ሰው የሚሰበሰብበት ጌም ሌላ ነው፣ ወሬ የሚሰበሰብበት ሌላ። እኔ የምጠይቀው ግን አይቀየርም። ይህ ሰው በሌለበት ምን ይጎድላል? «ጉልበት» ከሆነ መልሱ፣ ጉልበቱን ለሌላው ስጠውና ሰውየውን ሻይ እንዲሸጥ አድርገው።

አሁን የቀረን ክርክር ግመሉ ነው። ሠዓሊው ስድስተኛ ሆኖ ይቆጠር ባይ ነው። ይሸከማል፣ ይናከሳል፣ ከዘሀራ ጋር አይዋደድም፣ ጠባይ ሞልቶታል ይላል። እኔ ስድስት ማለት 15 ጥንድ ነው እለዋለሁ። ግመል አያወራም ይለኛል። ሙዚቀኛው በዚህ መሐል ሰኞ ባቲ ወርዶ የግመል ጩኸት ቀድቶ መጥቷል፤ ለማን እንደሆነ ስንጠይቀው ለማንም አይደለም፣ እንዲሁ ነው አለ። አድምጠነዋል። አንቱ እንበለው ወይስ አንተ የሚለው ላይ ነን።